በድሬ ሙቀት የትኛው ለስላሳ ኮራል ይሻላል?

ግንቦት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ላቡን ይጠርጋል። እኔ ሳሎን ውስጥ ኮራል የማሳድግበት የጨው ውሃ አኳሪየም ላይ በተለጠፈው ቴርሞሜትር ላይ አፍጥጫለሁ። 29.5 ይላል። የክፍሉን ሳይሆን የውሃውን ነው። በዚህ መሃል መብራት ሄደ።

የተመለሰው በነጋታው ጠዋት ነው። ዜኒያ የምትባለው ኮራሌ እስከዚያ ቀልጣ ነበር። ቀልጣ ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው ንፍጥ የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ሽታው እንግዳ ያባርራል። ከሷ አንድ ስንዝር ርቀው የነበሩት ሦስት እንጉዳይ ኮራሎች ግን ትንሽ ከመኮማተር ሌላ ምንም አልሆኑም። በዚያው ቀን ማታ ተመልሰው ተዘረጉ። ገንዳው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ሌሊቱም አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ "በየትኛው ልጀምር?" ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ ተቀየረ። ውጭ አገር የሚዘጋጁት ምክሮች ኮራልን "ቀላል" እና "ከባድ" ብለው ይከፍላሉ። የሚመክሩት ግን የውሃ ማሞቂያ ለሚገዛ ሰው ነው። የእኛ ጣጣ ማቀዝቀዝ ነው። ስለዚህ ለድሬ ሰው ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ሙቀቱን የሚችለው የትኛው ነው? መብራት ጠፍቶ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ሲቆም የሚታገሠውስ?

ከምርጫው በፊት ግን አንድ ነገር። ኮራል ተክልም ድንጋይም አይደለም፤ እንስሳ ነው። አብዛኞቹ የገንዳ ኮራሎች ሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ይሠሩና ለአከራያቸው ያካፍላሉ። ደባል ናቸው፤ ኪራያቸውን በስኳር ይከፍላሉ። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን ይህ ስምምነት ይፈርሳል፤ ደባሉ ይባረራል፣ ኮራሉም ይነጣል። ለገንዳ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ምቹ ነው። 28 ላይ ልብ በሉ። 30 ላይ ተጨነቁ።

ድንጋያማውን ትቼ ለስላሳውን የምመክረው በሁለት ምክንያት ነው። ድንጋያማ ኮራል የኖራ አጥንት ይገነባል፤ ካልሲየሙንና አልካሊኒቲውን (ውሃው አሲድ የሚቋቋምበትን አቅም) ከውሃው ይመጥጣል። ያንን ቶሎ ቶሎ እየለኩ መተካት ያስፈልጋል። ለስላሳው ግን በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ውሃ ከተቀየረለት ብዙም አያስቸግርም። ሁለተኛው ወረቀት ነው። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ድንበር ለማለፍ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። አብዛኛው ለስላሳ ኮራል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ ማለት ግን ዝም ብሎ በሻንጣ ይገባል ማለት አይደለም። ሕይወት ያለው እንስሳ ነውና ሻጩን ወረቀቱን ጠይቁት።

"ባቡር ተሳፍሬ ጅቡቲ ወርጄ ከባህሩ ሰብሬ ባመጣስ?" ያለኝ ወዳጅ አለ። አቦ፣ ተው! ሙሻና ማስካሊ በተባሉት የጅቡቲ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ሪፍ፣ ማለትም የኮራል ክምችት፣ የተጠበቀ ቦታ ነው። ከዚያም ሌላ፣ ከዱር ባህር የተሰበረ ኮራል ገንዳ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ግማሽ ይሞታል፣ የቀረው እቤት ይጨርሳል። ከሌላ ሰው ገንዳ ተቆርጦ ያደገ ቁራጭ መልኩ ቢያንስም ኑሮውን ለምዷል።

እንጉዳይ ወይስ ጃንጥላ?

ለጀማሪ የሚቀርቡት ብዙ ናቸው። እኔ ግን እውነተኛው ፉክክር በሁለቱ መካከል ነው እላለሁ፤ በእንጉዳይ ኮራልና በቆዳ ኮራል።

እንጉዳይ ኮራል፣ በተለይ ዲስኮሶማ የሚባለው፣ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው። ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ። እውነቱን ለመናገር የሳይንስ ሰዎች ከለስላሳ ኮራል አይቆጥሩትም፤ ለድንጋያማዎቹ ይቀርባል፣ አጥንት ብቻ የለውም። ገበያው ግን ከለስላሶቹ ጋር ነው የሚሸጠው። ደካማ ብርሃን ይበቃዋል። ቀስ ያለ የውሃ እንቅስቃሴ ይበቃዋል። እንዲያውም ኃይለኛ ብርሃን ሥር ካስቀመጣችሁት ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይገረጣል። ቦታው ከገንዳው ታች ነው፣ ጥላ አካባቢ። ትንሽ የቆሸሸ ውሃ አይከፋውም፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 15 ሚሊግራም ቢሆን ደስተኛ ነው።

ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አይንቀሳቀስም። እንግዳ መጥቶ "ይሄ ምንድነው፣ ምንጣፍ?" ይላችኋል። ሁለተኛ፣ ማጣበቁ ፈተና ነው። ሱፐር ግሉ ከሚያንሸራትት ሥጋው ጋር አይስማማም። የሚሠራው ዘዴ ይሄ ነው፦ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጠጠር አድርጉ፣ እንጉዳዩን ከላይ አኑሩ፣ አፉን በቀጭን መረብ ሸፍናችሁ ሞገድ የማይደርስበት ጥግ አስቀምጡት። ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ራሱ አንዱን ጠጠር ይዞ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ጠጠሩን ማጣበቅ ቀላል ነው። ሳይጣበቅ ከለቀቃችሁት ይንሳፈፍና ፓምፕ ውስጥ ይገባል። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ሰማያዊ ፈጭቻለሁ።

የቆዳ ኮራል ደግሞ ሳርኮፊቶን ነው። እቤት ጃንጥላ እንለዋለን። ግንድ አለው፣ ከላይ ሰፊ ባርኔጣ አለው፣ ባርኔጣው ላይ ፖሊፕ የሚባሉት ቀጫጭን እጆቹ ይወዛወዛሉ። መካከለኛ ብርሃን ይፈልጋል። መካከለኛ ሞገድም ይፈልጋል። ዘመዶቹ እዚሁ ቀይ ባህር ውስጥ ይኖራሉ። ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሊሰፋ ስለሚችል ትንሽ ገንዳ ውስጥ ቦታ ይጨርሳል። ግን ይቆረጣል። በንጹሕ ምላጭ ከባርኔጣው ጠርዝ ብትቆርጡ ሁለቱም ይድናሉ።

ጃንጥላ ጀማሪን የሚያስደነግጥበት አንድ ጸባይ አለው። በየጊዜው ይዘጋል። እጆቹን ይሰበስባል፣ ይጨማደዳል፣ ሰም የተቀባ የመሰለ ሽፋን ያወጣል። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት። የእኔ የመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን ገንዳውን አዩና፣

"ልጄ፣ ይሄ ሞቷል። ሳይሸት አውጣው" አሉኝ።

"እትዬ፣ አልሞተም። ቆዳውን እየቀየረ ነው።"

"እባብ ነው እንዴ!"

ብለው ወንበራቸውን ራቅ አደረጉ። ትክክል ናቸው፣ ነገሩ የእባብ ነገር ነው። ላዩ ላይ የበቀለውን አልጌና ቆሻሻ ከአሮጌው ሽፋን ጋር ይጥላል። የእናንተ ሥራ ሞገዱን ትንሽ ወደሱ ማዞር ብቻ ነው። አትነካኩት። ሞቶ ቢሆን ይለያል፦ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። የተዘጋ ግን ጠንካራ የሆነ ጃንጥላ በሕይወት አለ።

ሌላው ነገር ኬሚካል ነው። ጃንጥላ ጎረቤቶቹን ለማራቅ ተርፒን የሚባሉ ነገሮችን ውሃ ውስጥ ይለቅቃል። ለስላሶች ብቻ ባሉበት ገንዳ ብዙ አያሳስብም። ድንጋያማ ከቀላቀላችሁ ግን ያንን ይጎዳል። አክቲቭ ካርቦን (ኬሚካል የሚመጥጥ ከሰል) በከረጢት አድርጎ ማጣሪያው ውስጥ መጨመርና ውሃ መቀየር ይረዳል።

ሙቀትንና የመብራት መጥፋትን ካየን፣ እንጉዳዩ ይበልጣል። ደስታን ካየን፣ ጃንጥላው ይበልጣል። እኔ የመጀመሪያውን እንጉዳይ፣ ከሦስት ወር በኋላ ጃንጥላ እላለሁ። አንድ ብቻ ነው የምገዛው ካላችሁና ለፓምፑ የባትሪ መላ ካላችሁ፣ በቀጥታ ጃንጥላ ግዙ። ተቀምጦ የሚያስተያይ እሱ ነው።

የቀሩት

ግሪን ስታር ሐምራዊ ምንጣፍ ነው፤ ከላዩ አረንጓዴ ኮከብ የመሰሉ እጆች ይወጣሉ። ከሩቅ በክረምት የበቀለ ሣር ይመስላል። ጥሩ ብርሃንና ጠንከር ያለ ሞገድ ከሰጣችሁት አይሞትም። ችግሩም እሱ ነው፣ አይሞትም። ድንጋዩን ይሸፍናል፣ መስታወቱን ይሸፍናል፣ የጎረቤቱን ቦታ ይወርሳል። ከሌሎቹ ድንጋዮች ተነጥሎ አሸዋ መሃል በተቀመጠ ድንጋይ ላይ ብቻ አኑሩት። ሲያልፍ በመቀስ ነው።

ኬንያ ትሪ ስሙ የጎረቤት ነው፣ ጸባዩም የጎረቤት ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል። ትንሽ ዛፍ ይመስላል። ቅርንጫፎቹን ራሱ ይጥላል፤ የወደቀው ሁሉ ተጣብቆ ሌላ ዛፍ ይሆናል። ጥንካሬውን አልክድም፣ መልኩ ግን ቡናማ ነው። ማንም በነጻ ከሰጣችሁ ተቀበሉ። ገንዘብ አታውጡበት።

ዞአንቲድ ከሁሉም ያምራል። እንደ አዝራር የተደረደሩ ትንንሽ አበቦች ናቸው፤ ብርቱካን፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም በአንድ ድንጋይ ላይ። ሙቀቱንም በመጠኑ ይችላሉ። ታዲያ ለምን አላስቀደምኩትም? አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ ስለሚይዙ ነው። በተፈጥሮ ከሚታወቁት ኃይለኛ መርዞች አንዱ ነው። በጓንት ያዙት፣ ስትቆርጡት መነጽር አድርጉ፣ ቁስል ባለበት እጅ አትንኩት። ከሁሉም በላይ፣ ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፈላ ውሃ አትቀቅሉ። እንፋሎቱን የተነፈሱ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል። እጁን ገንዳ ውስጥ የሚከት ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ፣ ይቅርባችሁ።

ዜኒያ ያችው የቀለጠችብኝ ናት። እጆቿን እንደ ልጅ መዳፍ ስትከፍትና ስትዘጋ ማየት ሱስ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ሥራ የዚህን እንቅስቃሴ ምክንያት አሳይቷል። ቀይ ባህር ውስጥ ያለች የቅርብ ዘመዷን አጥንተው፣ መዳፏን ስትዘረጋና ስትሰበስብ ዙሪያዋ የተጠራቀመውን ኦክስጅን እየገፋች አልጌዎቿ የበለጠ ምግብ እንዲሠሩ እንደምታደርግ አገኙ። ብልሃቱ ግን ብርሃን ላለበት ቀን ነው። በጨለማ፣ በሞቀና በቆመ ውሃ ውስጥ ኦክስጅኑ ራሱ ካለቀ የምትገፋው ነገር የላትም። አንዳንድ ሰው ዘንድ እንደ አረም ትሰፋለች፣ ሌላው ዘንድ ያለ ምክንያት ትቀልጣለች። ለድሬ ጀማሪ አልመክራትም።

አንድ ወጥመድም አለ። ዴንድሮኔፍቲያ የሚባል ቀይና ሮዝ ዛፍ አለ፤ ፎቶው ልብ ይሰርቃል። አልጌ የለውም። ቀንና ሌሊት መመገብ አለበት። ባለሙያዎቹም አይዘልቁበትም፣ ቀስ ብሎ በረሃብ ይሞታል። ሻጩ "ለስላሳ ነው፣ ቀላል ነው" ቢላችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ማቀዝቀዝ፦ ማሽን፣ ቬንትሌተር ወይስ በረዶ?

ይሄ ክፍል ከኮራሉ ምርጫ እኩል ይመዝናል። ቺለር የሚባለው ማሽን ውሃውን በትክክል የፈለጋችሁት ዲግሪ ላይ ያቆመዋል። ግን ውድ ነው፣ መብራት ይበላል፣ ከውሃው ያወጣውን ሙቀት መልሶ ሳሎናችሁ ላይ ይተፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተሰቀለ ጌጥ ነው።

ቬንትሌተር ርካሽ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ከሌላው ቦታ በላይ ይሠራል። ምክንያቱም የሚያቀዘቅዘው ውሃውን በማትነን ነው። የድሬ አየር ደረቅ ነው፤ ትነቱ ፈጣን ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሄው ቬንትሌተር በእርጥቡ አየር ምክንያት እንዲህ አይረዳም። ከላይ ወደ ውሃው ገጽ አዙሩት፣ ክዳኑን አንሱ፣ ዓሣ እንዳይዘል መረብ አድርጉ። የእኔን 100 ሊትር ገንዳ ከ29 ወደ 26 ተኩል ያወርድልኛል።

ዋጋው ትነቱ ነው። በግንቦት በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ይጠፋብኛል። የሚተንነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ከ100 ሊትር 5 ሊትር ቢጎድል፣ በሺህ 35 የነበረው ጨው ወደ 37 ይጠጋል። ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ሙሉ። የጀማሪ ትልቁ ስህተት የጎደለውን በጨው ውሃ መሙላት ነው። መስታወቱ ላይ በስኮች አንድ መስመር አድርጉ፤ ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ሙሉ። በቃ።

በረዶ ለክፉ ቀን ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ሊትር በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ 100 ሊትር ውሃን አንድ ዲግሪ ያህል ያወርዳል። ስለዚህ ጠርሙስ በጠርሙስ፣ ተራ በተራ። አራት ጠርሙስ በአንዴ ከጨመራችሁ ድንገተኛው ለውጥ ከሙቀቱ በላይ ይጎዳል። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ይሁን።

መብራቱንስ ቀን ለምን ታበራላችሁ? ኮራሉ ሰዓት አያውቅም። የእኔ ኤልኢዲ ከቀኑ አሥር ሰዓት በርቶ እኩለ ሌሊት ይጠፋል። ስምንት ሰዓት ይበቃዋል፣ የመብራቱም ሙቀት ከቀትሩ ጋር አይደራረብም። ማታ ከሥራ ስትመለሱም የምታዩት ነገር ይኖራል።

መብራት ሲሄድ

ቅድሚያ የውሃው እንቅስቃሴ ነው፤ ብርሃን የመጨረሻ ነው። ኮራል ሁለት ሦስት ቀን ጨለማ ይችላል። የቆመና የሞቀ ውሃን ግን አይችልም፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል።

በደረቅ ድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከምንም ይሻላል፤ ለእንጉዳይ ገንዳ እሱ ይበቃል። ጃንጥላና ግሪን ስታር ላለው ግን የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይር ዕቃ) እመክራለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው። 12 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ በወረቀት 600 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ኢንቨርተሩም ድርሻውን ይውሰድ። 5 ዋት የሚበላ ትንሽ የሞገድ ፓምፕ ያለ ችግር ከአንድ ቀን በላይ ያዞራል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዜኒያ ከቀለጠች በኋላ ነው።

ውሃና ጨው

የድሬ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚያነጥፈው ነው። ለኮራል አይሆንም፤ ክሎሪን አለው፣ ጠጣር ማዕድን ይበዛዋል። ምርጡ አርኦ በሚባለው፣ ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ የወጣ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ለማግኘት ሦስት አራት ሊትር ይጥላል፤ ውሃ በጀሪካን በምንጠብቅበት ከተማ ይህ ያሳፍራል። የሚጣለውን አጠራቅሙት፣ ለልብስና ለወለል ይሆናል። ለ40 ሊትር ገንዳ የተጣራ የታሸገ ውሃ መግዛት ይቻላል። የተጣራ እንጂ የማዕድን ውሃ አይሁን። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ግን ተዉት፤ ጀሪካኑ ትናንት አሲድ ይዞ እንደነበር ማን ያውቃል?

ጨውን በተመለከተ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ "አፍዴራ እዚህ እያለ ለምን የውጭ ጨው?" የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የባህር ውሃ ጨውም አብዛኛው እሱ ነው፤ ግን ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙ ከሌለ ኮራል አይኖርም። ለሪፍ ተብሎ የተዘጋጀ ድብልቅ ግዙ። ለ100 ሊትር ወደ 3.6 ኪሎ ይፈጃል። ልኩን ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨው መለኪያ እዩ፤ 1.025 ጥሩ ነው።

ስለ መጠን ብዙ አልልም። 40 ሊትር ርካሽ ይመስላል፣ ግን ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲተንም ጨውነቱ ቶሎ ይጨምራል። ቦታ ካላችሁ 100።

መቼ ይገዛ?

አዲስ ገንዳ ውሃው ጥርት ቢልም ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አሞኒያና ናይትራይት የተባሉት ከቆሻሻ የሚመጡ መርዞች ዜሮ እስኪሆኑ ይጠበቃል። ለኮራል እኔ ሦስት ወር እጠብቃለሁ፤ ቡናማው አልጌ መጥቶ እስኪሄድ። ስለዚህ ገንዳውን ነሐሴ ላይ ጀምሩ፣ ኮራሉን ኅዳር ላይ አስገቡ። ከኅዳር እስከ ጥር ድሬ ትበርዳለች፤ ሌሊት ላይ አነስተኛ ማሞቂያ የምታስፈልግበት ጊዜም አለ። ኮራሉ ተጣብቆ፣ አካሉን ሠርቶ፣ ግንቦትን የሚቀበልበት አምስት ስድስት ወር ያገኛል። ግንቦት ላይ "አዲስ ጃንጥላ ገብቷል፣ ቶሎ ና" ተብሎ ቢደወልላችሁ፣ አንድ ቁራጭ እስከ ኅዳር እንዲያስቀምጥላችሁ ለምኑት።